እሑድ እሑድ የሚነሳ መኪና

ወንዳወቅ ከአምለሰት ሱቅ የገባው ባትሪ ታቅፎ ነው። ሐምሌ ነበር፤ ቡሬ ላይ ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል፤ እሱ ግን ጃኬቱን አውልቆ ለባትሪው አልብሶታል። አምለሰት ከባንኮኒው ኋላ ሆና ስታየው ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ክርስትና ሊያስነሱት ነው?»

«ኧረ ቢያድኑልኝ ብዬ ነው» አለ፤ ባትሪውን ቀስ አድርጎ እያስቀመጠ።

አምለሰት ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቀች ጀምሮ ከአጎቷ ከታከለ ጋር የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። ባትሪውን ለካችው።

«አልሞተም፤ ተርቧል እንጂ። መኪናውን አይነዱትም እንዴ?»

«እሑድ እሑድ ሞተሩን እናስነሳዋለን። ፍኖተ ሰላም ካለው ግቢያችን አይወጣም። የስፖርት መኪና ነው፤ ሁለት በር።»

«ፍኖተ ሰላም ላይ? ከአስፋልት ወርዶ የት ሊገባ!»

«የወንድሜ ነው» አለና ዓይኑን ወደ ዝናቡ መለሰ። «ናሁሰናይ ይባላል። መተማ ሰሊጥ ይነግዳል። እሱ እስኪመጣ መኪናው መነሳት አለበት። ባለፈው እሑድ እምቢ ቢል እናቴ ምልክት ነው ብላ እህል መቅመስ ተወች።»

አምለሰት ቀልዷን ተወች። ወንዳወቅ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን ቻርጀር አመለከተ።

«እሱ አይሆንዎትም» አለች። «ባዶ ባትሪ መሙያ ነው፤ ሳይነቀል ከከረመ ባትሪውን ይቀቅለዋል። ለእርስዎ ሞልቶ የሚያቆም፣ ሲጎድል ደግሞ ትንሽ ትንሽ የሚጨምር ነው የሚበጀው። እኛ ጠባቂ እንለዋለን።» ሁለት አወረደች። «ይኸኛው መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቁልፉን እንደገና መጫን ይፈልጋል። በእኛ መብራት ደግሞ ማን ቆሞ ሲጫን ሊውል! ይኸ ግን ሰው ሳይነካው ራሱ ይጀምራል። እንደዚህ ላለ የታሸገ ባትሪም ማስተካከያ አለው።»

«እንግዲያ እሱን። ግን መጥተው ቢያገናኙልኝስ? ያበላሸሁት እንደሁ እናቴ አትተርፍልኝም።»

ይህን ሲል አያት። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። የደንበኛን ዓይን ያን ያህል ጊዜ ማየት ነጋዴን አያዋጣም፤ እሷ ግን አየችው።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ሄደች። መኪናው ከቤተሰቡ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሸራው ሲገለጥ ቅላቱ ያስደነግጣል፤ ጆንያና ጭቃ በሞላው ግቢ ውስጥ መንገድ የሳተ እንግዳ ይመስላል። የወንዳወቅ እናት እትዬ ሸጋዬ በርጩማቸውን አስጠግተው እያንዳንዱን የእጇን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ። አምለሰት ባትሪውን ቦታው መልሳ አሰረች። ማስተካከያውን ለታሸገ ባትሪ አደረገች፤ ቀዩን መቆንጠጫ ፖዘቲቩ ላይ አስነከሰች፤ ጥቁሩን ራቅ አድርጋ ቀለም ከሌለው የመኪናው ብረት ላይ።

«ምነዋ ጥቁሩን አራቅሽው?»

«ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ይተነፍሳል፣ እትዬ። ብልጭታ እንዳይደርስበት ነው።»

«እንዲያ ነው። ልጄ ሲመጣ ይመርቅሻል።»

ወንዳወቅ መሬት መሬቱን አየ። አምለሰት መጨረሻ ላይ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰካችው፤ እሑድም ከቅዳሴ መልስ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። እትዬ ሸጋዬ እልል አሉ፤ ምሳቸውንም በሉ።

ከዚያ ወዲህ ወንዳወቅ መደወል አበዛ። «መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ደግ ነው?» «ደግ ነው።» በሳምንቱ ደግሞ «አሁንም አረንጓዴ ነው።» «አሁንም ደግ ነው።» ቀጥሎ አረንጓዴ መሆኑን ሊነግራት ራሱ መጣ።

«ለዚህ ቡሬ ድረስ?»

«ለዚህስ አይደለም» አለና ዝም አለ።

ታከለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሌለ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ወጣ። «እርስዎ» የተባባሉት ሰዎች መቼ «አንተ» እና «አንች» እንደተባባሉ ሁለቱም አያስታውሱም። ወንዳወቅ ንግግር አይሆንለትም፤ ጎኗ ተቀምጦ ሽቦ ስታያይዝ ማየት ይበቃዋል። አምለሰት ያን ዝምታውን ወደደችው። ወንድ ሁሉ በሚለፈልፍበት አገር ዝም ብሎ የሚወድ ሰው አገኘሁ አለች።

ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ልላክ አለ። እናቱ ግን አንድ ቃል ተናግረው ዘጉት፦ «ታላቁ ሳይመጣ የታናሹ ሠርግ የለም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች አምለሰት። ወፍጮው ቆሞ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። «በስልክስ አታገኙትም?»

ወንዳወቅ እጁ ላይ ያለውን ዱቄት ሲያራግፍ ቆየ።

«አይመጣም። ሞቷል። ግንቦት ላይ መኪና ተገልብጦ። እዚያው ቀበሩት።»

«እናትህ...»

«አታውቅም። ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። መርዶ ደግሞ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገር። አጎቴ ያለው ፈረስ ቤት ከተማ ነው፤ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል እያልን ይኸው ከረምን። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። እሷ ፊት ግን ማንም ትንፍሽ አይል።» ከዚያ እጇን ያዘ። «አንችም እንዳትነግሪያት። ብትጠይቅሽ እንኳ ይመጣል በያት። ስለ እኔ ብለሽ።»

አምለሰት አለቀሰች። እሱ ግን እንባ እንኳ ተከልክሎ ነው የከረመው፤ ወንድሙ ሞቶበት ሳያለቅስ፣ እሑድ እሑድ የሟች መኪና እያስነሳ። እሽ አለችው። እሽ ያለችው ስለ ወደደችው ብቻ ነው።

በነቢያት ጾም መብራት ጠፍቶ ሰነበተና ባትሪውን ልታይ ሄደች። ወንዳወቅ አልነበረም። እትዬ ሸጋዬ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አንች ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል። ካህኑ ሳይቀር። አንች የዚህ ሰፈር ሰው አይደለሽም፤ አትፈሪኝም። እንደ ወለድሁሽ ቁጠሪኝና እውነቱን ንገሪኝ። ናሁ ደኅና ነው?»

እጃቸው ጉልበቷ ላይ ነበር። አምለሰት እውነቱ አፏ ድረስ መጣባት። ሐኪሙ ትዝ አላት፤ ወንዳወቅ ትዝ አላት።

«ደኅና ናቸው፣ እትዬ። ይመጣሉ።»

«በይ እሽ። አንችን አምኛለሁ» አሉና ግንባሯን ሳሟት።

ወደ ቡሬ ስትመለስ ግንባሯን ደጋግማ ነካችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጥር ላይ መንገዱ ሲከፈት የእትዬ ሸጋዬ ወንድም መሪጌታ ገብረሰንበት ከፈረስ ቤት ደረሱ፤ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር በሩን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። የእትዬ ሸጋዬ ጩኸት ከአስፋልቱ ማዶ ተሰማ። ልባቸው ግን አልከዳቸውም። ስንት ወር የተፈራለት ልብ ቻለው።

አምለሰት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረሰች። ድንኳኑ ሞልቷል። እትዬ ሸጋዬ ሲያዩዋት ሙሾውን በእጃቸው አስቆሙ።

«ይችን ልጅ አውጡልኝ።»

«እትዬ...»

«ጎረቤቶቼ ዝም አሉኝ፤ ዝም ማለት ወግ ነው። ልጄ ዋሸኝ፤ እንዳልሞትበት ፈርቶ ነው። አንችን ግን ጠየቅሁሽ። ለምኜ ጠየቅሁሽ! አፈር የበላውን ልጄን ደኅና ነው አልሽኝ፤ እኔም አምኜ ጠግቤ በልቼ አደርሁ። ምን አድርጌሽ ነው?»

ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አያት። አምለሰት የዞረችው ወደ ወንዳወቅ ነበር። ምሰሶው ሥር ተቀምጧል። «እኔ ነኝ በያት ያልኳት» ቢል ያልቃል፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ቀና ብሎ አያት። እናቱን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

ጠበቀች። አንዲት ሴት አጠገቧ «የሰው ሆዱ አይታወቅ» ብላ አጉረመረመች። አሁንም ጠበቀች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ነቀዘ፣ በዓይኗ እያየችው። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ማንም አልተከተላትም።

ከመርዶው አርባ ቀን ካለፈ በኋላ ወንዳወቅ ቡሬ መጣ። ጺሙ አድጓል፤ ከስቷል። ስታየው ልቧ እንደ ድሮው ዘለለ፤ በገዛ ልቧ ተናደደች።

«ነገርኳት» አለ። «እኔ ነኝ ያስዋሸኋት አልኳት።»

«ምን አሉ?»

«በጥፊ መታችኝ። ከዚያ ሂድና አምጣት አለች።»

ሄደች። ዳሱ ሥር ባዶ ነው፤ መኪናውን የባሕር ዳር ሰው ገዝቶታል። እትዬ ሸጋዬ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቁር ለብሰው ነበር። እግራቸው ላይ ስትወድቅ አነሷት።

«በሰው ፊት አዋረድሁሽ። አንች ይቅር በይኝ።»

«እኔ ነኝ የበደልሁዎ። አምነው ጠየቁኝ፤ ዋሸሁዎ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ፤ አምለሰት አንድ ቀን እንኳ አይታው የማታውቀውን ናሁሰናይን አለቀሰች። እንባቸው ሲያባራ እትዬ ሸጋዬ ጉንጯን በመዳፋቸው ያዙት።

«የከለከልሁ እኔ ነበርሁ። እንግዲህ የሚጠበቅ ሰው የለም። የናሁ ሙት ዓመት ይውጣና እኔው እድራችኋለሁ።»

አምለሰት እጃቸውን ሳመች። ነጠላዋን አጣፍታ ለመሄድ ተነሳች።

ወንዳወቅ እስከ ግቢው በር ሸኛት።

«ሰማሽ አይደል? ፈቀደች።»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ?»

«እወድሃለሁ፣ ወንዳወቅ። መውደዱስ አልቀረልኝም። ግን ያን ቀን ድንኳን ሙሉ ሰው ሲያየኝ ወዳንተ ዞርሁ። ነገም ክፉ ቀን ይመጣል፤ ሰው ነን። ያኔም ወዳንተ እዞራለሁ፤ ሌላ ወዴት እዞራለሁ? አንተ መሬት መሬቱን ብታይብኝ ሁለተኛ አልችለውም።»

ያን ጊዜ ወንዳወቅ ተናገረ። ያላወራውን ዘመን ሁሉ አወራ፤ በወንድሙ አጥንት ማለ፤ ደነገጥሁ፣ አፌ ተያዘብኝ አለ። አምለሰት አንዱንም ሳታቋርጥ ሰማችው። ሁሉንም አመነችው። ከዚያ ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ሲመጣ ተሳፈረች።

እትዬ ሸጋዬ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉላታል። «የኔ ልጅ» ይሏታል፤ እሷም «እናቴ» ትላቸዋለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ። ወንዳወቅን ሁለቱም አያነሱትም። አንዳንዴ ስልኩ ሳይዘጋ ከወዲያኛው ጫፍ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማታል፤ እናቱን ጠጋ ብሎ የሚያዳምጥ። እሱ አይናገርም። እሷም «ደኅና ዋሉ፣ እናቴ» ትልና ትዘጋዋለች።