ማን ዳረልህ?

ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ ነቀምቴ ገብቶ እንደ ቆመ፣ አዴ በቀለች ሮጠው ልጃቸው ቀነዓ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። አለቀሱ፣ ሳሙት፣ ደግመው ሳሙት። ወዲያው በትከሻው ላይ አሻግረው ሲያዩ፣ አንዲት ነጭ ሴት ከአውቶቡሱ ወርዳ የልጃቸውን ክንድ ስትይዝ ተመለከቱ።

«ይህችስ ማን ናት?»

«ሚስቴ ናት፣ አዮ። ሚልካ ትባላለች።»

«ሚስትህ! የማን ልጅ ናት? ማን ዳረልህ?»

ቀነዓ ሻንጣውን ሊያወርድ ዞረ። ሚልካ ግን መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ የመጣችውን ሰላምታ ይዛ ወደ ፊት ቀረበች።

«አከም ጅርቱ፣ አዮ!» አለች፤ በኦሮምኛ «ደህና ነዎት፣ እናቴ» ማለቷ ነው።

አዴ በቀለች የተዘረጋላቸውን እጅ ጨበጡ። የጨበጡት ግን እንደ እንግዳ እጅ ነበር።

ጊዜው ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ቀነዓ መንግሥት ዩጎዝላቪያ ልኮት የእርሻ ትምህርት ተምሮ መመለሱ ነበር። ሚልካን ያገኛት እዚያ፣ በበረዶው ወራት፣ የከተማ ባቡር ውስጥ ነው። በስስ ኮት ሲንቀጠቀጥ አየችውና ቀይ የሱፍ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ጠመጠመችለት፤ ምንም ሳትናገርም ወረደች። ሻርፑን ልመልስ እያለ እዚያው ፌርማታ ላይ ሲመላለስ ከረመ። ባገኛት ቀን ሻርፑን መለሰ፤ ልቡን ግን መመለስ አልቻለም።

አባቷ በጦርነት፣ እናቷ በበሽታ ሞተውባት አክስቷ ዘንድ ያደገች ልጅ ነበረች።

«አገሬ ትመጫለሽ?» ሲላት፣ «አንተ ካለህበት እመጣለሁ» ነው ያለችው።

እሱ ግን አንድ ነገር ደብቋታል። ከመሄዱ በፊት አባቱ ኦቦ ደረሳ ወደ ጉቴ መንደር ሽማግሌ ልከው፣ የኦቦ ዋጋሪን ልጅ ዘርፈሽን ጠይቀውለት ነበር። ኦቦ ዋጋሪም «ተምሮ ይመለስ፤ ልጄ ትጠብቀዋለች» ብለው ቃል ሰጡ። ዘርፈሽ ጠበቀች። ቀነዓ ሚልካን ሲያገባ «ለዘርፈሽ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?» እያለ፣ ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ነጎደ። ኦቦ ደረሳም ነገሩን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። «በምን ዓይኔ ዋጋሪን አየዋለሁ?» አሉና ቤታቸው ተቀመጡ። አባትና ልጅ ተያይዘው ሲያፍሩ፣ የተበደለችውን ልጅ ግን ማንም አላሰባትም።

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሚልካን ክፉ የተናገራት ሰው አልነበረም። ደህናው ወንበር ለእሷ፣ መልካሙ ምግብ ለእሷ ነው። መጥረጊያ ስታነሳ ግን አዴ በቀለች ከእጇ ይቀበሏታል። እሳት ልታያይዝ ስትጎነበስ፣ «ተይ፣ ተይ፣ አንቺ ተቀመጪ» ይሏታል። ወራት እንደዚሁ አለፉ።

«ቀነዓ፣» አለችው አንድ ቀን በስብርብር አማርኛዋ፣ «እዚህ ቤት ክፉ ሰው የለም። ግን እኔም የለሁም።»

አንድ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ሄዱ። የቤተሰቡ ምራቶች ሁሉ በአንድ ወገን አብረው ሲቀመጡ፣ ለሚልካ ከሩቅ ከመጡት እንግዶች መካከል ወንበር ተሰጣት። እስከ መጨረሻው እዚያው ተቀመጠች። ቤት ስትገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተንሰቀሰቀች። ቀነዓ ይህን መቻል አቃተው።

«አዮ፣ ምን አድርጋሽ ነው?»

«ምንም አላደረገችኝም! ልጅቷን እኮ እወዳታለሁ...» አሉ አዴ በቀለች። «ግን ማን ጠየቃት? ማን ሰጣት? ሚስት ሲከፋት አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ባልም ሽማግሌ ይዞ ሄዶ፣ ለምኖ ያመጣታል። ይህች ሲከፋት ወዴት ትሄዳለች? ማንን ለምነን እናመጣታለን? ዘርፈሽ ብትሆን...»

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ነገሩ ግን አምልጧቸዋል።

«ዘርፈሽ ማን ናት?» አለች ሚልካ ዞር ብላ።

ቀነዓ መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ነገራት።

«ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ለምን?»

«አፈርኩ...»

ሚልካ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሲነቃ አጠገቡ አልነበረችም። ሻንጣዋ አለ፤ ቀዩ ሻርፕ የለም። እየሮጠ አውቶቡስ መናኸሪያ ደረሰ።

«ፈረንጇን ነው?» አለው አንዱ ተሸካሚ። «በአዲስ አበባው አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች እኮ!»

ቀነዓ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልብሷን እንኳ ሳትይዝ ጥላው ሄደች! አንድ ቀን ቀድሞ አፉን ቢከፍት፣ አንድ ሰው ጉቴ ቢልክ... ተማርኩ ያለው ሰውዬ በአደባባይ እንደ ልጅ አለቀሰ። የዚያን ቀን ሌላ አውቶቡስ አልነበረም።

በነጋታው ሊከተላት ከቤት ሲወጣ፣ አንድ በበቅሎ የተቀመጡ ሽማግሌ ደጁ ላይ ደረሱ። የጉቴው ኦቦ ታፋ ነበሩ። ኦቦ ደረሳ «ይውረዱ» ቢሏቸው እምቢ አሉ።

«መልእክት ይዤ ነው የመጣሁት። የልጅህ ሚስት አባቷ ቤት ናት።»

«አባቷ ሞቷል!» አለ ቀነዓ።

«አባቷ ዋጋሪ ነው።»

አውቶቡሱ በጉቴ እንደሚያልፍ ቀነዓ ያስታወሰው ያኔ ነው። ኦቦ ታፋም ያዩትን ተናገሩ።

«ብቻዋን ግቢው ገባች። እጅ ነሳችና፣ 'ዘርፈሽን በድለናታል። እኔ አላውቅም ነበር። ይቅርታ' አለች። ዋጋሪ 'ማን ላከሽ?' ቢላት፣ 'ማንም' አለች። 'ባልሽስ?' ቢላት፣ 'ያፍራል' አለች። ዋጋሪ ፊቱን አዞረባት። ቀድማ ተነስታ እጇን የያዘቻት ማን መሰለህ? ዘርፈሽ ናት! 'አቦ፣ ይህችም እንደኔ የተተወች ናት፤ አባት ሁናት' አለችው። ዋጋሪም አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ በሰው ፊት አጠባት። ከትናንት ጀምሮ የጡት ልጁ ናት።»

«አሁንስ ምን አለ?» አሉ ኦቦ ደረሳ።

«'ልጄ ከፍቷት ቤቴ መጥታለች። ባሏ የሚፈልጋት ከሆነ በወጉ ሽማግሌ ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ ግን የድሮውን በደል ይካስ' ብሏል።»

ኦቦ ደረሳ ዱላቸውን አነሱ። «ቀነዓ፣ ና ቅደም» አሉ። በመንገዳቸውም የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠሩ።

ጉቴ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ የይቅርታ ልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ይዘው ደጅ ቆሙ። ኦቦ ዋጋሪ ቶሎ አልወጡም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት፣ ቀነዓ ኦቦ ዋጋሪንና ከኋላቸው የቆመችውን ዘርፈሽን አይቶ በጉልበቱ ወደቀ።

«ዘርፈሽ፣ በድዬሻለሁ...»

«ሌላ መውደድህ አይደለም የበደልከኝ፣» አለች ዘርፈሽ ቀስ ብላ። «'አትጠብቂኝ' የሚል አንድ ሰው አለመላክህ ነው። ስንቱ ጠየቀኝ መሰለህ! ለሁሉም 'ታጭቻለሁ' እያልኩ መለስኩ።»

ቀነዓ ቀና ማለት አልቻለም።

«ዛሬ ነገርከኝ። ይበቃኛል። ተነስ።»

ኦቦ ደረሳ ሳሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። «ዋጋሪ፣ በፊት አስከፋንህ። አሁን ደግሞ ሌላዋን ልጅህን ልንለምን መጣን።»

ኦቦ ዋጋሪ ሳሩን ለመቀበል ዘገዩ፤ ከዚያ ተቀበሉ። ወደ ቀነዓ ዞረው፣ «ባስከፋሃት ቀን ወደዚህ ትመጣለች» አሉ። «አንተም እንደዛሬው ትቆማለህ። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፣ አቦ።»

ያኔ ሚልካ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ቀነዓ እጇን ሲይዝ፣ «የሄድሽ መስሎኝ ነበር» አላት።

«ከፍቶኝ ነበር» አለችው። «የከፋት ሴት አባቷ ቤት ትሄዳለች አላችሁ። እኔም ፈለግሁ... አገኘሁ።»

ኦቦ ታፋና የጉቴ ሰዎች ሙሽራዋን ሊሸኙ ተነሱ። ዘርፈሽ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቀዩ ሻርፕ አንገቷ ላይ ነበር። ሚልካ ናት የሰጠቻት። ቀነዓ አየና ዓይኑን መለሰ።

ጨለለቂ ሲደርሱ አዴ በቀለች ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሚልካን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የዋጋሪ ልጅ ነኝ» አለች ሚልካ።

አዴ በቀለች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የጉቴን ሰዎች አዩ።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉ ቆጣ ብለው። «እንግዳ መጥቶብናል እኮ! ግቢና እሳቱን አያይዢ!»

ሚልካ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ወደ ማድ ቤት ሮጠች። በዚህ ጊዜ «ተይ» ያላት ሰው አልነበረም።