በሁለት ፍሬም መካከል

የሙስዐብ ወገኖች «ሪድዋን ነው ከጣራው ገፍቶ የጣለው» ይላሉ። የሪድዋን ወገኖች ደግሞ «ኧረ ሲወድቅ ሊይዘው ነው እጁን የዘረጋው» ይላሉ። ከሚሴ ከተማ ውስጥ ሁለቱም ማስረጃ ብለው የሚያሳዩት ግን አንድ ቪዲዮ ነው፤ የሪድዋን ታናሽ እህት ዓዲላ የቀረጸችው።

ሁለቱ ጓደኛሞች የጎረቤት ዲሽ ሊያስተካክሉ ፎቅ ጣራ ላይ ወጥተው ነበር። ዓዲላ ለትምህርት ቤቷ የአይሲቲ ክበብ ስትቀርጻቸው፣ ሲግናሉን ማን አጠፋው በሚል ተጨቃጨቁ። ከዚያ ሙስዐብ ወደቀ። አሁን ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። እግሮቹ አይታዘዙትም፤ እንዴት እንደወደቀም አያስታውስም።

ያን ቀን ዓዲላ ቪዲዮውን ለሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር አሳንሳ፣ ጨምቃ ነው የላከችው። ቪዲዮ ሲጨመቅ እያንዳንዱ ምስል፣ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ሙሉውን አይቀመጥም፤ አንዱ ሙሉ ይቀመጥና ከተከታዮቹ የተለወጠው ብቻ ይያዛል። ብዙ ከተጨመቀ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ይበላሻል። የሪድዋን እጅም አራት ማዕዘን እድፍ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ያንኑ እያጎላ፣ እያዘገመ፣ መልሶ እየላከ ጭራሽ አደበዘዘው።

ዋናው ቅጂ ስልኳ ላይ አለ። ትናንት በሯን ዘግታ ፍሬም በፍሬም አየችው። ከኋላ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። መጀመሪያ የሪድዋን መዳፍ ሙስዐብ ደረት ላይ ነው፤ ይገፋል። ቀጥሎ ያው እጅ ተከፍቶ ሸሚዙን ሊይዝ ይዘረጋል። አልደረሰም።

ዛሬ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ የአገሩ አስታራቂ፣ አበጋሩ ሼህ ኢብራሂም፣ ሁለቱን ቤተሰብ ለሽምግልና ሊያስቀምጡ ነው።

«አጥፊው» አላት ሪድዋን በሩ ላይ ቆሞ።

«ምኑን?»

«አትጃጃዪብኝ! ዋናውን። ፎርማት አርጊውና በቃ፣ ማንም አያውቅም።»

«ገፍተኸዋል።»

«ልይዘውም ሞክሬያለሁ! ዋላሂ! እሱን አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

ድምፁ ወረደ። «ማሎ፣ ዓዲላ፣ እለምንሻለሁ። ያስሩኛል እኮ።»

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሽምግልናው ወጣች።

ሁለቱ ቤተሰብ ሲቀመጥ ሼህ ኢብራሂም ዱዓ አድርገው ከሙስዐብ ወገኖች ስልክ ተቀበሉ። የደበዘዘውን ቪዲዮ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ደጋግመው አዩት። የሙስዐብ እናት እጇን አፏ ላይ ጭና ትጠብቃለች።

«እኔ የማየው ጉም ነው» አሉ ሼሁ። «ይህን ይዤ ማን ላይ ልፍረድ? ልጄ፣ የቀረጽሽው አንቺ ነሽ። ከዚህ የጠራ የለሽም?»

ሪድዋን ቀና ብሎ አያት። ዓዲላ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። የይለፍ ቁጥሩን አስገብታ ዋናውን ቅጂ ከፈተች።

«አለኝ፣ አባባ» አለች። «መግፋቱም አለ፣ ሊይዘው መሞከሩም አለ። እኔው አሳያችኋለሁ፤ ግን መሀል ላይ ሳታቆሙ እስከ መጨረሻው ታዩታላችሁ።»