ነጯ ዶሮ አልታቀፈችም

«ሒሱን ተቀብያለሁ» አለች ሃሊሞ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ።

የሺአረግ ፊቷ ጋለ። ምን ጉድ ነው! ይቺ ልጅ ዝም ብላ ልትቀበለው ነው እንዴ? በክፍሉ የሒስና ግለ ሒስ ስብሰባ ላይ «ሃሊሞ የዶሮ ቤቱን በር ከፍታ ትታው፣ የታቀፈችው ዶሮ ወጥታ ዕንቁላሉ ተበላሸ» ብላ የተነሳችው የሺአረግ ራሷ ነበረች። ዓይን ያወጣ ውሸት። በሩማ ተዘግቶ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ለእርሻ ትምህርት ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች ያረባል። ተረኞቹ ሁለቱ ጓደኛሞች፣ የሺአረግና ሃሊሞ ነበሩ። መምህር ተሰማ «የምትታቀፍ ዶሮ ፈልጋችሁ ዕንቁላሉን አስፈልፍሉ» ሲሏቸው ሃሊሞ ደስ አላት።

«የእናቴን ቀይ ዶሮ ከሰፈራችን ከመጋላ ላምጣት። አቦ፣ እሷ ከታቀፈች ወላሂ በዱላም አትነሳም!»

«የሐበሻ ዶሮ? ቅማሏን ልታራግፍብን!» አለች የሺአረግ እየሳቀች። ነጯን ያዘችና ዕንቁላሉ ላይ አስቀመጠቻት። ነጯ ጥቂት ቆይታ ተነሳች፤ ላባዋን አራግፋ ወደ ጥሬዋ ሄደች። ተመልሳም አላየችው። ዕንቁላሉ በድሬዳዋ ሙቀት ገማ።

ከስብሰባው በኋላ የሺአረግ ሃሊሞን የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ደረሰችባት።

«ለምን እውነቱን አልተናገርሽም?»

«በዶሯችን ስትስቂ ዝም አልኩ፤ ስትዋሺብኝም ዝም አልኩ» አለች ሃሊሞ። «ለመድኩት አቦ።» እንባ እንኳ አልነበራትም። መንገዷን ቀጠለች። የሺአረግ እዚያው በሐፍረት ተኮማትራ ቀረች።

ሰኞ መምህር ተሰማ ሰሌዳው ላይ ዶሮ ሣሉ።

«የቤት ዶሮ ዘሯ ከእስያ ጫካ ነው። የዱሯ ዶሮ ጥቂት ትጥልና ታቅፋ ትፈለፍላለች። ሰው ብዙ የምትጥለውን እየመረጠ ሲያራባ፣ እንደ ነጫጭ ዶሮዎቻችን ያሉት መታቀፉን ተዉት። የሐበሻዋ ግን አልተወችም።» ዕንቁላሉ ላይ የተቀመጠችው ነጯ መሆኗን ሳያውቁ ወደ ሃሊሞ ዞር አሉ። «አንዳንዶች በር ባይከፍቱ ኖሮ ዛሬ ጫጩት ነበረን።»

ልጆቹ ሳቁ። ሃሊሞ አንገቷን ደፋች። የሺአረግ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እጇ ግን ወጣ።

«መምህር፣ ግለ ሒስ አለኝ።»

«ዛሬ እኮ ስብሰባ የለም፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

«አውቃለሁ» አለችና ተነስታ ቆመች።