አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፊትና አንድ ወንበር

ፎቶ አንሺው ዘካሪያ ከፎቶ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ ደሴ ፒያሳ አስፋልት ዳር ሲገኝ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነበር። ኢንስፔክተር ማስተዋል በርከክ ብላ ጣቶቹን ስታላቅቃቸው ከመሐላቸው አጭር ጥቁር ገመድ ወጣ፤ ኮምፒውተርን ከሃርድ ዲስክ ጋር የሚያገናኝ ገመድ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። የተሰበሰበው ሰው ግን ለገመዱ ደንታ አልነበረውም፤ ፍርዱን ጨርሷል።

«ልጁ ከሞተች ወዲህ ሰው አልሆነም። ራሱን ነው የጣለው» ይባባላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ሚስቱ መስማት እስከምትችል ድረስ ብቻ።

ሚስቱ ዙበይዳ ሰማች። ወደ ማስተዋል ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ ጃናዛው ከሰዓት በኋላ፣ ለአስር ሰላት ለቀብር ይወጣል። እስከዚያ እውነቱን ንገሪኝ። ሰው ገደለው ካልሽኝ እችለዋለሁ። ራሱን ገደለ ካልሽኝ ግን፣ ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው አላውቀውም ነበር ማለት ነው።»

ማስተዋል ባሏን ከቀበረች አራት ዓመቷ ነው። የማጽናኛ ቃል ከንቱ መሆኑን ታውቃለች።

«እነግርዎታለሁ» አለች ብቻ።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። በሰፊው ጥቁር ስክሪን መሐል፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ፎቶ ተከፍታለች፤ ኢንሻራህ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ታማ የሞተችው የሟቹ አንድያ ልጅ።

«እሷን እያየ ነው የዘለለው» አለች የፎቶ ቤቱ አታሚ ሰላም፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ወረቀት ልኮኝ። ትልቁን፣ የግድግዳውን። ኢንሻራህን ትልቅ አድርጌ አትሜ ለዙበይዳ ለዒድ እሰጣታለሁ ብሎ። ስመለስ ሰው ከቦታል።» የወረቀቱ ጥቅል አሁንም በሩ ሥር ወድቋል።

«ለግድግዳ የታሰበች ፎቶ ለምን እንዲህ አነሰች?»

«እንጃ። ጋሽ ዘካሪያ ትንሽ ፎቶ አያስቀምጥም ነበር።»

ማስተዋል ፎቶዋን ለማጉላት ሞከረች። ገና ሁለቴ ስትነካው ፊቷ ካሬ ካሬ ሆኖ ተበታተነ፤ ዓይኗና ቅንድቧ አልለይ አለ።

«ዋናዎቹ ፎቶዎች የት ነው የሚቀመጡት?»

«ሃርድ ዲስኩ ላይ። የሃያ ዓመቱ ሁሉ እዚያ ነው።» ሰላም ጠረጴዛውን ዳበሰች። «ጠዋት እዚህ ነበር።»

የሟቹ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ የሦስት ሰዓት ከአምስት ነው፤ የተደወለው ለከሊድ። ከሊድ የዙበይዳ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። የፎቶ ቤቱን ኮምፒውተር የሚሠራው እሱ ነበር። መርዶው የደረሰው ከደሴ ግማሽ ሰዓት በምትርቀው ኮምቦልቻ ነው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በፋብሪካ መኪና መጣ፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ከደምመላሽ ጋር።

«ስለ ሥራው ጠይቆኝ ነው» አለ ከሊድ ስለ ስልኩ። «ባለፈው ሳምንት የሠራተኞቹን ፎቶ ጋሼ አነሳ፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው። ለመታወቂያ ባጅ ደግሞ ሁሉም ማነስ አለበት። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ያንን ስሠራ ነበር።»

«ይህን ሁሉ በአንዴ የሚያሳንስ ፕሮግራም የለም?»

«አለ እንጂ። ሦስት ሞክሬያለሁ። አንዱ የራሱን ስም በየፎቶው ላይ ያትማል። አንዱ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ሦስተኛው ፈጣን ነው፣ ግን አላመንኩትም። ስለዚህ አንድ በአንድ ከፍቼ፣ ፊቱን አይቼ ነው ያሳነስኩት።»

ደምመላሽ ቃሉን ሲሰጥ ወንበሩ አልመቸውም።

«እኔ ሰው መግደል ቀርቶ ፎቶ ማሳነስ ቸግሮኝ ነው እነሱ ዘንድ የሄድኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ለከሊድ ክፍል ሰጠሁት፤ ስድስት ሰዓት ላይ ፍላሹን አስረከበኝ።»

«በመሐል አየኸው?»

«በሩን ዘግቶ ነበር። የላፕቶፑ ማራገቢያ ግን እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። እየሠራ መሆኑን በምን እጠረጥራለሁ?»

ማስተዋል ፍላሹን ተቀብላ ከሰላም ጋር ከፈተችው። ፎቶዎቹ የተሠሩበትን ሰዓት ከላይ እስከ ታች አየች። ከዚያ የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈተች። ሰው የለበትም፤ ባዶ ወንበር ነው፣ እንደ ሌሎቹ አንሶ፣ የባጅ ቁጥር ተሰጥቶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሰላም ፈገግ ልትል ዳድቷት ተወችው። «የጋሽ ዘካሪያ ልማድ ነው። ሥራ ሲጀምር ቢስሚላህ ብሎ መጀመሪያ ባዶውን ወንበር ያነሳል፤ ብርሃኑን ሊለካ። እኛ ስንሠራ እሱን አጥፍተን ነው የምንጀምረው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። ዙበይዳ ነጭ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ከሊድ ከጎኗ፣ ደምመላሽና ሰላም በሩ አጠገብ።

«ራሱን ሊያጠፋ የቆረጠ ሰው» አለች ማስተዋል «ለዒድ ለሚስቱ የሚያትመውን ወረቀት አያስገዛም። ዘካሪያ የልጁን ፎቶ የከፈተው ሊሰናበታት ሳይሆን ሊያትማት ነው። ሲከፍታት አንሳ አገኛት። ሌሎቹንም ከፈተ፤ ሁሉም አንሰዋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ለሚሠራው ሰው ደወለ።»

«ጠየቀኝ እንጂ…» አለ ከሊድ።

«ቆይ። እያንዳንዱን ፎቶ በእጄ ከፍቼ አየሁ ብለሃል። ብታይ ኖሮ ገና የመጀመሪያውን፣ ባዶውን ወንበር ታጠፋው ነበር። ወንበር ባጅ ይፈልጋል? ደግሞ ፎቶዎቹ ሁሉ በየሰባት ሰከንዱ ነው የተሠሩት፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ አንዴም ሳያዛንፉ። ሰው ያስነጥሰዋል፣ ውኃ ይጠጣል። የሠራው አላምነውም ያልከው ፈጣን ፕሮግራም ነው። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ለቀቅከው፣ በሩን ዘጋህ፣ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣህ። ስትመለስ ሥራው አልቆ ጠበቀህ።»

ከሊድ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ።

«በሟቹ እጅ የሃርድ ዲስኩ ገመድ አለ። ዲስኩ የለም። ቦርሳህን ክፈት።»

ከሊድ አልከፈተም፤ ቦርሳውን እህቱ ጉልበት ላይ አኖረው። ከፍታ ዲስኩን ያወጣችው እሷ ናት።

«ለጋሼ አስቤ ነበር» አለ ከሊድ። «ለዒድ፣ የሃያ ዓመቱን ፎቶ አሳንሼ ድረ ገጽ ላይ ላወጣለት። በአንድ ሌሊት ያልቃል ብዬ ፈጣኑን መረጥኩ። ቅጂውን ለብቻ አስቀምጥ የሚለውን ምልክት ሳላደርግ ለቀቅኩት። ፕሮግራሙ ዋናዎቹን አጥፍቶ ያነሱትን በቦታቸው ጻፈ። ሳምንት ሙሉ ልነግረው አስቤ አቃተኝ።»

«ዛሬስ?» አለች ዙበይዳ።

«በረንዳው ላይ ዲስኩን ከነገመዱ እንደ ሕፃን ታቅፎ አገኘሁት። አዲስ አበባ የጠፋ ፎቶ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፣ ስጠኝ አልኩት። ዳግመኛ እጅህ ልጄን አይነካትም አለኝ። ጎተትኩ። እሱም ጎተተ። ገመዱ ተነቀለ። የበረንዳው ብረት አጭር ነው፣ ዙቤ። በጓሮ ደረጃ ወረድኩ።»

ዙበይዳ ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ራሱን ገደለ ሲሉት ሰምተሃል?» አለች ዙበይዳ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ አጠገብ ተቀምጠህ።»

«አዎ።»

እጇን ወደ ራሱ ሰደደች፤ እንደ ልጅነቱ ልትዳብሰው ይመስል ነበር። መሐል ላይ አጠፈችው።

ፖሊሶቹ ከሊድን ሲወስዱ ማስተዋል ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘች። ፎልደሮቹ በየዓመቱ ተደርድረዋል። ዘካሪያ የእሷን ሰርግ ያነሳበት ዓመት ላይ ስትደርስ እጇ ለአፍታ ቆመ፤ ሳትከፍተው አለፈች።

«እትዬ ዙበይዳ» አለች ሰላም ቀስ ብላ «ኢንሻራህን በዚሁ መጠን ላትምልዎት? ከዚህ ካለፈች ፊቷ ይጠፋል።»

«አትሚያት። የዘካሪያ ፎቶስ?»

ሰላም አንገቷን ደፋች። ከተማውን ሁሉ ሲያነሳ የኖረውን ሰው ማንም አላነሳውም። ጥቂት አስባ ተነሳች፣ ካሜራውን ከሚስማሩ አወረደች፣ ሚሞሪ ካርዱን አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች። ማንም ያልነካው፣ ያላሳነሰው የዚያው ባዶ ወንበር ፎቶ ስክሪኑን ሞላው። ዘካሪያ ኮቱን አውልቆ መደገፊያው ላይ አንጠልጥሎ ኖሯል። ዙበይዳ ራሷ የጠቀመችው የእጅጌው ስፌት ክሩ ሳይቀር ይታያል።

«ይኸውልሽ ትልቁ ወረቀት» አለች ዙበይዳ፣ በሩ ሥር የወደቀውን ጥቅል አንስታ። «እሱን አትሚልኝ።»

ከዚያ ሻርፗን አጠበቀችና ባሏን ልትሸኝ ወረደች። ደረጃው ሥር የቆመው ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ቀና ብላ በመሐላቸው አለፈች።