ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ኋላ የቆጠረው አፕዴት

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። እህቴ ቤቷ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ ስትለኝ አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ገዝቼ የምሄድላት፣ ጎረቤቴ ሕልም አይታ ተጨንቃ ስትመጣ «ማታ ምን በልተሽ ነው የተኛሽው?» ብዬ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ኮምፒውተር ፊት ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። መካኒሳ አቦን አለፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ኮምፒውተር ዕቃ ነው፣ ሲበላሽ ተበላሸ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም እል ነበር። እል ነበር ነው ያልኩት፣ ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት ቢሆን እንቅልፍ ነው ብዬ እተወው ነበር፣ ግን በቀን ነው፣ ምሳዬን በልቼ፣ መነጽሬን አድርጌ።

ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ኮምፒውተሬ አንድ አመል አውጥቶ ነበር፤ ከስክሪኑ በስተቀኝ ታች ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና አዲስ አፕዴት አለ፣ አሁን ልጫን ወይስ በኋላ ላስታውስሽ ትላለች። እኔም በኋላ እላታለሁ። ሁላችንም በኋላ ነው የምንለው፣ አትዋሹኝ።

እና በዚያ ቅዳሜ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከእኔ አራት ቤት ዝቅ ብሎ የግንባታ ዕቃ መደብር አላቸው፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ሁሉም ነገር። ታላቁ ጋሽ ሸምሱ ስድሳውን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ታናሹ ደግሞ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቶሎ ቱግ የሚል፣ ልቡ ግን ንጹሕ። አብረው ገቡ፣ ግን አብረው አልተቀመጡም፤ አንዱ በሩ አጠገብ፣ ሌላው ፎቶ ኮፒው ጋ።

«ውል ልታጽፉ ነው?» አልኩ።

«መለያያ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ መሬት መሬት እያዩ። «መደብሩን ልንካፈል ነው። ሽማግሌዎቹ እቤታችን ተሰብስበዋል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ወረቀቱን ካላመጣን ይበተናሉ፣ አንደኛው ነገ ወደ አገር ቤት ሊሄድ ነው፣ እስከ ከርሞ አይመለስም።»

ደነገጥኩ። እነዚህ ሰዎች ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቁልፍ የከፈቱ ናቸው። ግን እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ አስታራቂ አይደለሁም፣ አርዕስቱን ጽፌ ጀመርኩ፦ «ተዋዋዮች፣ አንደኛ አቶ ሸምሱ፣ ሁለተኛ አቶ ወንድሙ...»

ታናሹ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ይኸው! ይኸው! አያችሁ?»

«ምን አጠፋሁ?» አልኩ።

መታወቂያውን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። ነስሩ ይላል። እመኑኝ፣ ይህችን ክፍል ከተከራየሁ ወዲህ በስድስት ዓመት ጉርብትና የዚህን ሰው ስም ወንድሙ ነው ብዬ ነበር የማውቀው! ለካ መደብሩ ላይ ያለው ታፔላ «ሸምሱ እና ወንድሙ የግንባታ ዕቃዎች መደብር» ስለሚል ሰፈሩ በሙሉ ወንድሙ ብሎታል። የዕድር ጥሪ የሚመጣለት በወንድሙ ነው፤ አንድ ደንበኛ ደግሞ ስሙን አምኖ ለልጁ የክርስትና አባት ሁንልኝ ብሎታል፣ አባቴ ሐጂ ሙሐመድ ይህን ሰምተው ቢሆን ምን ይሉ ነበር ብሎ ነገረኝ። ታፔላው ይቀየር ብሎ ለመነ፣ ጋሽ ሸምሱ ዛሬ ነገ አሉ፣ ቃል ቃልን አመጣ፣ እዚህ ደረሱ።

«ጽጌ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለኝ ነስሩ፣ ጋሽ ሸምሱ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፣ «ስም ያለኝ ሰው ነኝ በይው።»

«ሰምቻለሁ በይው» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

እንዲህ በእኔ በኩል እየተነጋገሩ ውሉን ጨረስነው። መደርደሪያው ተከፈለ፣ ሚዛኖቹ ተከፈሉ፣ መሰላሉ አንድ ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ይፈራረቁበት ተባለ። ሴቭ አደረግሁና ፕሪንት ልል ማውሱን ሳስጠጋ፣ ትንን!

ያቺ ሳጥን። ልክ ፕሪንት የሚለው ላይ ተደፍታ። በኋላ አልኳት፣ ሄደች፤ ማውሱን መለስኩ፣ ትንን! እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ የእኔ ስፒከር ተቃጥሎ ከሰኔ ጀምሮ ገመዱ ተነቅሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ታዲያ የሚጮኸው ምንድነው? ስልኬ ይሆናል ብዬ አየሁ፣ አይደለም። ለእነሱ ግን አልነገርኳቸውም።

ኮምፒውተር የሚሠራልኝ ሳምሶን ጋ ደወልኩ። ጎበዝ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ነው፣ ለምንም ነገር «ኖርማል ነው» ይላል።

«ኖርማል ነው ጽግዬ፣ ሴቲንግ ግቢና አፕዴቱን ለሰባት ቀን አቁሚው።»

አቆምኩት። ትንን!

«ኖርማል ነው፣ ኖቲፊኬሽኑን ራሱን አጥፊው።»

አጠፋሁት። ትንን!

«እሺ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀይው፣ ኢንተርኔት ከሌለ ከየት ያመጣዋል?»

ነቀልኩት። ሞደሙንም ከሶኬቱ ነቅዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት፣ እንዲያውም ነስሩ ተቀብሎኝ ውጭ አውጥቶ ለጎረቤት ባለ ሱቋ አደራ ሰጣት። ተመልሶ ሲገባ ፕሪንት አልኩ።

ሳጥኗ አልመጣችም። ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ክብ እየዞረ፣ አፕዴት እየተጫነ ነው፣ ኮምፒውተሩን አታጥፉ ይላል። ዜሮ ፐርሰንት።

«ሳሚ፣ ራሱ ጀመረ!»

«ኖርማል ነ...» አለና ቆመ። «ገመዱን ነቅለሻል?»

«ሞደሙ ባለ ሱቋ ጋ ነው ያለው!»

«እንዳታጥፊው ብቻ፣ መሐል ላይ ከጠፋ የጻፍሽው ሁሉ ሊሄድ ይችላል፣ ጠብቂው» ብሎኝ ስልኩ ተቋረጠ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፣ ሌላ ጽሕፈት ቤት እንሂድ እንዳይሉ መንገዱ ጎርፍ ሆኗል። ሦስታችን ተቀምጠን ቁጥር ማየት ጀመርን።

እስከ አርባ አንድ በደህና ሄደ። አርባ አንድ ላይ ነስሩ አላስቻለውም። «የዚህ ሰውዬ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፣ ጠብቅ፣ ጠብቅ!» አለ፣ ጋሽ ሸምሱም «አንተ ደግሞ መቼ ጠብቀህ ታውቃለህ?» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ እኔ ስክሪኑን እያየሁ ነበር። አርባ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት።

አፕዴት ወደ ኋላ ሲቆጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በአሥራ አራት ዓመት አላየሁም። «ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ዝም አሉ። ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ነስሩ።

«እየቀነሰ ነው። ስትጣሉ ይቀንሳል።»

ጋሽ ሸምሱ ሊስቁ አሉና ስክሪኑን አይተው ተዉት። ነስሩ ግን ግትር ነው፣ ልሞክረው ብሎ «መሰላሉን ጨርሶ አልሰጥም!» ሲል፣ ወላሂ ብሎ በኋላ ለሚስቱ እንደማለላት፣ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ቀስ ብሎ ወንበሩን ጎትቶ ከበሩ ጋ ተነሳና ታላቅ ወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ። ፈርቶ ነው እንጂ ታርቆ አይደለም።

«ደህና ነገር አውሩ» አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ አሥራ አንድ ሰዓት እየደረሰ ነው።

ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ሃምሳ ሆነ። ስለ እናታቸው ጉልበት ሕመም አወሩ፣ ስልሳ ስምንት። ከዚያ ዝም ተባለ፣ ቁጥሩም ዝም አለ። ብዙ ቆይተው ጋሽ ሸምሱ፣ ከእኔም ከስክሪኑም ፊታቸውን አዙረው፣ እንዲህ አሉ፦

«ታፔላውን ያሠራሁ ጊዜ አንተ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥተህ ነበር። ሠዓሊው ስሙን ማን ልበል አለኝ። ስምህን አስጽፌ ብትሄድ፣ በየጠዋቱ ያንን እያነበብኩ በር መክፈት አልችልም ነበር። ወንድሙ በለው አልኩት።»

ነስሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ታዲያ ከቀረሁ በኋላስ? ሃያ ሁለት ዓመት!»

«ቀለሙ ጥሩ ነበር» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «አልለቀቀም።»

ነስሩ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። «ጋሼ» አለ፤ ከገቡ ጀምሮ ጋሼ ብሎ ሲጠራቸው የመጀመሪያው ነው፣ ሰውዬው እያለ ነበር የቆየው። ስክሪኑን ሳይ ዘጠና ዘጠኝ።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

አምፖሉ ጠፋ፣ ፎቶ ኮፒው ጠፋ፣ የጎረቤቱ ሬዲዮ ጸጥ አለ፣ በመስኮት ሳይ ከዝናቡ ደመና ጋር ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል። ስክሪኑ አልጠፋም። ባትሪ የለኝም፣ ምንም መጠባበቂያ የለኝም፣ ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ነው። ያ ነጭ ክብ በድንግዝግዙ ውስጥ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ ሰማያዊው ብርሃን የሦስታችንም ፊት ላይ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አልነግራችሁም፣ አላውቅም። ነስሩ «ቢስሚላህ» አለ፣ እኔ አማተብኩ፣ ጋሽ ሸምሱ ተነስተው የታናሽ ወንድማቸውን ክንድ ያዙና «በል እንሂድ፣ ሽማግሌዎቹን ምሳ እናብላቸው» አሉ። ምሳ ሰዓት አልፎ እንደሄደ የነገራቸው የለም። ዝናቡ ውስጥ በአንድ ጃንጥላ ወጡ። እግራቸው ደፉን ሲያልፍ ስክሪኑ ድርግም አለ።

እኔም በሩን ቆልፌ ሮጥኩ፣ አላፍርም።

ሰኞ ሳምሶን መጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፍቶ መረመረው። ውሉ አለ፣ ሴቭ እንዳደረግሁት፣ አንድ ፊደል አልጎደለም። አፕዴት ግን የለም።

«የተጫኑት ሁሉ እዚህ ይመዘገባሉ» አለኝ። «ቅዳሜ ምንም የለም። እንዲያውም ጽግዬ፣ ይህ ማሽን አሮጌ ነው፣ አፕዴት መቀበል ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ቢፈልግም አይችልም።»

«እና ያየነው ምንድነው?»

እስኪናገር ጠበቅሁት። ኖርማል ነው አላለም። ዕቃውን ሰብስቦ፣ የአገልግሎቱን ክፍያ እንኳ ሳይጠይቀኝ ሄደ።

ሳጥኗ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ወንድማማቾቹ መደብሩን ሳይካፈሉ ታፔላውን በነስሩ ስም አስቀይረዋል፣ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ወንድሙ ነው የሚለው፣ እሱም ማረሙን ትቷል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደስ ብሎኝ ለሰው እያሳቅሁ እኖር ነበር።

ግን ባለፈው ወር አንድ ባልና ሚስት መጡ፣ ከጎፋ፣ ወጣቶች ናቸው። የፍቺ ስምምነት። ሴትየዋ ቀለበቷን እያሽከረከረች፣ ሰውየው መስኮቱን እያየ፣ የሚነግሩኝን ጻፍኩ። ስጨርስ ማውሱን ፕሪንት ላይ አድርጌ ቆምኩ። ጠበቅሁ። «ትንሽ ይቆያል፣ አንዳንዴ ያስቸግራል» አልኳቸው፣ ደህና ነገር አውሩ ልላቸውም ቃጣኝ። ስክሪኑ ዝም። ጆሮዬን አቀናሁ። ምንም።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለችኝ ሴትየዋ።

ፕሪንት የሚለውን ተጫንኩት። ፕሪንተሩ እንደዚያ ፈጥኖ አትሞ አያውቅም፣ ወረቀቱ ገና እጄን ሳላነሳ ወጣ፣ ትኩስ። ሴትየዋ አንብባ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸና የበለዘ ክንዷን አየሁት፤ ወዲያው ሸፈነችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻዬን ስሆን፣ እየሰማኝ ነው ብዬ ስለ ሰው ክፉ አላወራም።