ድንጋዩ ቤት ቀረ

ሞተሩ ሲነሳ መኪናዋ ውስጥ ማንም አልነበረም።

«ማሻአላህ! ኧረ ማሻአላህ!» አለ አብደላ፣ የኢቲሳም አባት፣ ሪሞቷን ከፍ አድርጎ እያሳየ። ግቢው መሃል ቆሞ ያጠፋታል፣ መልሶ ያስነሳታል። «ደሴ ያለው ባለሙያ ሳምንት ጠብቅ አለኝ። የኔዋ እሳት የላሰች በአንድ ቀን ጨረሰችው! ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት እኮ!»

የሐይቅ ከተማ ግማሹ ሳይሰማው አልቀረም። ጋሽ አያሌው፣ የአባቷ ጓደኛና የውጫሌ መስመር ሚኒባስ ሹፌር፣ በግቢው በር አንገቱን አስግጎ «ነገ የኔን ትሠሪልኛለሽ፣ ሰማሽ?» አላትና ወደ ሥራው ሄደ።

ኢቲሳም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ጣቷ ላይ የቀረውን የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ቁራጭ ትልጠዋለች፣ መልሳ ትለጥፈዋለች። ትቀመጥና ወዲያው ትነሳለች። አንዲት ጥቁር ሽቦ ከጠዋት ጀምሮ ዕረፍት ነስታታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ያመጣው ዕቃ የመኪና አላርምም ከሩቅ ማስነሻም ነው። አላርሙን መግጠም አላስቸገራትም፤ ሰው መኪናዋን ሲነካ ሰፈሩን ታደነቁራለች። ከሩቅ ማስነሻው ግን እምቢ አለ። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ጥቁሯ ሽቦ ከእጅ ፍሬኑ ጋር ትያያዝ ይላል። እሱ ካልተያዘ ዕቃው አያስነሳም፤ የዚህች አሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን ደግሞ ከሞተ ከርሟል። ኢቲሳም ስልኳን ስታገላብጥ ከአንድ ቪዲዮ ሥር አንዱ «ጥቁሯን ዝም ብላችሁ ከመኪናው ብረት ጋር እሰሯት፣ ትነሳለች» ብሎ ጽፎ አገኘች። አሰረቻት፤ ተነሳች። ወረቀቱን ግን አንብባ አልጨረሰችም።

እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አባቷ ቀትር ላይ «ማርሽ ውስጥ ብትሆንስ? ምን ይውጣታል?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ራሱ ያውቃል» አለችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው። ያውቅ አያውቅ እሷም አታውቅም ነበር።

አብደላ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሁልጊዜ በእግሩ ነው የሚሄደው። ዛሬ በመኪና ሄደ። ለምን እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ገብቶታል።

እሱ እንደወጣ ፋና መጣች፤ ጎረቤቷም የክፍል ጓደኛዋም ናት። በሩ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ከሥሯ አየችው። «ይሄ የአባትሽ ድንጋይ አይደል? መኪና ውስጥ ነበር'ኮ የሚኖረው።»

«"ከእንግዲህ ዘመናዊ ነን" ብሎ ትቶት ሄደ።»

ይህን ተናግራ አፏን ሳትዘጋ ኢቲሳም ክው አለች። አባቷ ዳገት ላይ ሲቆም አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ ድንጋዩን ደግሞ ከጎማው ሥር ይወትፋል። እዚህ አገር የእጅ ፍሬን የሚያምን ሹፌር የለም። እሷ ስትሞክራት ግን መኪናዋ ሜዳ ላይ ነበረች፣ ማርሹም ዜሮ ላይ።

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ያልጨረሰችውን አነበበች። ጥቁሯ ሽቦ ከእጅ ፍሬኑ ሌላ ቦታ የታሰረችበትን መኪና ማርሽ ውስጥ እያለ ከሩቅ ቢያስነሱት ወደፊት ዘሎ ሊሄድ ይችላል ይላል።

«ያ ረቢ! መስጊዱ ፊት ለፊት ዳገት ነው!»

እግሬ አውጪኝ አለች። ድንጋዩን ለምን ታቅፋው እንደሮጠች ራሷም አታውቅም። ፋና «ምን ሆነሻል? ኧረ ቆይኝ!» እያለች ከኋላ ተከተለቻት፤ ኢቲሳም እያለከለከች ነገሩን በየመንገዱ ነገረቻት።

ሲደርሱ ሶላቱ አልቆ ሰው ይወጣል። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጋ ቆማለች። ከፊቷ ሦስት እርምጃ ላይ እማማ የሺሀረግ ዓሣቸውን በሳፋ ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው ቅርፊት ይፍቃሉ። አብደላ የመስጊዱ በር ላይ ሰዎቹን ሰብስቧል፤ ጋሽ አያሌውም ሚኒባሱን ዳር አቁሞ መጥቷል።

«ዓይናችሁን መኪናዋ ላይ» አለ አብደላ። ሪሞቷን አነሳ።

«አባ! እንዳትጫን!»

ጣቱ ባለበት ቀረ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ላብ በላብ የሆነች ልጅ ድንጋይ ታቅፋ ቆማለች። አንዱ «መሐንዲሷ መጣች» ብሎ ሳቀ።

ፋና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ባትሪው አልቋል በይው። ቤት ስትገቡ ቀስ ብለሽ ትፈቺዋለሽ። በሰው ፊት ሼም አትጠጪ።»

ጥሩ ውሸት ነበር። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም። ኢቲሳም አፏን ከፈተች።

«ምነው ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለ ጋሽ አያሌው። «እንዳታሳፍሪኝ፣ ነገ የኔ ተራ ነው ብዬ አውርቻለሁ።»

ወደ ሚኒባሱ አየች። ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ተወትፏል። ማርሹም የት እንዳለ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። መስኮቱ አጠገብ አንዲት ሴት ልጇን ታጠባለች።

«አባ፣ ማርሽ ውስጥ ናት?»

«አንደኛ ላይ ናታ! ዳገት ላይ በምን ላቁማት?»

«ራሱ ያውቃል ያልኩህ ውሸቴን ነው።» ፊቷ እሳት የነካው ያህል ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ሳላውቅ ነው ያልኩህ። ሽቦዋን ማሰር የሌለብኝ ቦታ አስሬያታለሁ። ብትጫነው ትዘላለች።»

የሚስቅ ጠፋ። አብደላ ሪሞቷን አየ፣ ከዚያ እማማ የሺሀረግን አየ።

«ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጡብኝ?» አሉ እማማ የሺሀረግ። «ዓሣ ትገዙ እንደሁ ግዙ!»

አብደላ ወደ ልጁ ሄደ። ቁልፉንና ሪሞቷን አቀበላት።

ድንጋዩን ከኋላ ጎማው ሥር ወተፈችው። «ጋሽ አያሌው፣ ፒንሳ አለህ? ያንተን ደግሞ አልሠራም፤ መጀመሪያ ልማረው።» ጋሽ አያሌው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብሎ ፒንሳውን አመጣላት። በሩን ከፍታ ከመሪው ሥር ተጋደመችና ናስትሮውን ልጣ ጥቁሯን ሽቦ ከብረቱ ፈታቻት። ማርሹንም አየች፤ አንደኛ ላይ ነበር፤ እዚያው ተወችው።

ወጥታ ሪሞቷን መለሰችለት። «አሁን ብትጫን አትነሳም። ተጫን።»

አብደላ አልተጫነም። ልጁን ትኩር ብሎ አያት። ግቢ ውስጥ ሲያሞግሳት እንዲህ አላያትም ነበር።

ገባት፤ ከእንግዲህ በቃሏ ብቻ አይጫንም። ወደ እማማ የሺሀረግ ሄዳ የሳፋውን አንድ ጫፍ ያዘች፤ ፋናም ሳትጠራ መጥታ ሌላውን ያዘችላት። «እማማ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልን።» አሮጊቷ እያጉረመረሙ ተነሱ። ኢቲሳም ዳር ድረስ ሸኝታቸው፣ ከመኪናዋ ፊት ማንም አለመቅረቱን ግራና ቀኝ አየች።

«አሁን፣ አባ» አለች።

ተጫነ። መኪናዋ ዝም አለች።