የሚመለሰው ናፍጣ

ወንድሜነህ ሞቶ የተገኘው ጀልባው ሆድ ውስጥ፣ ከሞተሩ ጎን በግንባሩ እንደተደፋ ነበር። በሰሜን ክፍለ ከተማ ያለው የሔሩይ ብየዳ ቤት በጠዋት ሲከፈት የጭሱ ሽታ እስከ አስፋልቱ ወጣ። አስከሬኑን ያገኘው መካኒኩ አብዱሰመድ ነው። ኢንስፔክተር ለተመድህን ስትደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

ሁሉም ነገር አደጋ ይመስላል። ሰውየው ቤቱን ዘግቶ ሞተር ሲፈትሽ አምሽቷል፤ ጭሱ አፍኖት ወድቋል፤ ሞተሩም ናፍጣው ሲያልቅ በራሱ ጠፍቷል። የሞተሩ ናፍጣ የሚለካበት ጀሪካን ጠብታ አልቀረውም።

ጀልባው ወደ ተከዜ ግድብ ሊወርድ የተሠራ ነው። ከውኃው ማዶ ያሉት መንደሮች ሕመምተኛ የሚያሻግሩበት ስለሌላቸው፣ ሔሩይ ከውዳቂ ላሜራ እየበየደ ሁለት ዓመት ለፋበት። የናፍጣውን ወጪ የሚችለው የእርዳታ ድርጅት ግን «በሰዓት ከሦስት ሊትር በላይ የሚጠጣ ከሆነ አንረከብም» ብሏል። ባሕር ዳር ተወልዶ በጀልባዎች መካከል ያደገው የዩኒቨርሲቲ መምህር ወንድሜነህ የተጠራውም ይህንኑ እንዲለካ ነበር። የጀልባው የኋላ ክፍል በሲሚንቶ ገንዳ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤ ሞተሩ ሲነሳ ፕሮፔለሩ ውኃውን ይገፋል፤ ሞተሩም ልክ ጉዞ ላይ እንዳለ ይለፋል።

አብሯት የመጣው ሐኪም አስከሬኑን አይቶ ለተመድህንን ወደ ዳር ወሰዳት።

«በአፍንጫውም በጉሮሮውም ጥቀርሻ የለም። ጭሱ ሲመጣ ይህ ሰው አይተነፍስም ነበር። የገደለው የጭንቅላቱ ምት ነው።»

ለተመድህን ወደ ጀልባው ተመልሳ ቱቦዎቹን በጣቷ ተከተለች። ወፍራሙ ከጀሪካኑ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ከሞተሩ ወጥቶ ተመልሶ ጀሪካኑ አፍ ላይ ታስሯል። ከዚያ የጀልባውን የራሱን ታንከር ከፍታ ዘንግ አስገባች። ዘንጉ ከግማሽ በላይ ረጥቦ ወጣ።

የብየዳ ቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ለየብቻ አስቀመጠቻቸው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለችው አብዱሰመድን።

«ከትናንት ወዲያ ነው። በሰዓት ስድስት ሊትር ጠጣ ሲል ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ስለሆንኩ ጮህኩበት። ወላሂ፣ ትናንት ከሰዓት ግን ታርቀናል። ስህተቱን አብረን ነው ያገኘነው።»

«ምን ስህተት?»

«ናፍጣ ሞተር የሳበውን ሁሉ አያቃጥልም፤ የተረፈውን በቀጭኑ ቱቦ ይመልሳል። እኛ የሚመለሰውን ወደ ጀልባው ታንከር ለቀን፣ ከጀሪካኑ የጎደለውን ሁሉ ተቃጠለ ብለን ቆጥረን ነበር። ታንከሩን ብንከፍተው ናፍጣ! ቱቦውን ወደ ጀሪካኑ አዙረን ስንለካ ሁለት ሊትር ብቻ ሆነ። ታንከሩን አድርቄ፣ ለጠዋቱ ፈተና ጀሪካኑን ሃያ ሊትር ሞልቼ ወጣሁ። ወንድሜነህ ‹አያ ሔሩይን እጠብቃለሁ› ብሎ ቀረ።»

አክሱማዊት ከዩኒቨርሲቲው ዓዲ ሓቂ ግቢ የመጣች የሟቹ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ቁልፉ የተሰጣት ለልኬቱ ሥራ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ‹ሁለት ነው! ሁለት!› እያለ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። ለሔሩይ ንገረው አልኩት። ‹ስልኩ ዝግ ነው፤ ደግሞ ፊቱን እያየሁ ነው የምነግረው› አለኝ።»

የመጨረሻው ሔሩይ ነበር። እጆቹ በብየዳ የተጠባበሱ፣ ጎልማሳ ሰው ነው።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ከከተማው ዳር፣ ቁሓ ቀብር ነበረብኝ። ከመሸ ነው የተመለስኩት። ቤቴ ከዚህ ኋላ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ይሰማኝ ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ዝም አለ። ጀሪካኑ አለቀ፣ ሰውየውም ሄደ ብዬ ተኛሁ። ሞተሩ ያው ናፍጣ ጠጪ ነው፤ ሃያ ሊትር ከሦስት ሰዓት ብዙም አይዘልቅለትም።» የተጠባበሱ እጆቹን አየ። «እንግዲህ ጀልባውንም አይረከቡንም። እንታይ ክገብር? ምን ላድርግ?»



ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጀልባው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። በሮቹን አስከፈተችና አብዱሰመድን ሃያ ሊትር አስሞልታ ሞተሩን አስነሳችው። ገንዳው ተናወጠ።

«ጀሪካኑን እያየን አንድ ሰዓት እንቆማለን» አለች።

ቆሙ። ሔሩይ መጀመሪያ ወለሉን ያይ ነበር። በኋላ ዓይኑ ወደ ጀሪካኑ ሄደና በዚያው ቀረ። ናፍጣው እሱ የጠበቀውን ያህል አልወረደም። ሰዓቱ ሲሞላ የጎደለው ሁለት ሊትር ብቻ ነበር። 

«ወንድሜነህ ጭስ ሳይተነፍስ ሞቷል» አለች ለተመድህን ከሞተሩ በላይ እየጮኸች። «ስለዚህ ጭሱ ከሞቱ በኋላ የመጣ መሸፈኛ ነው። ሃያ ሊትር ሊያልቅ ሌሊቱን ሙሉ መሥራት ነበረበት። ሆኖም ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ አብዱሰመድ ያደረቀው ታንከር ደግሞ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ቀጭኑ ቱቦ ጀሪካኑ ላይ ስለታሰረ ናፍጣው በራሱ ወደ ታንከሩ ሊሄድ አይችልም። የሰው እጅ ነው የገለበጠው።»

ወደ ሔሩይ ዞረች።

«አብዱሰመድና አክሱማዊት ሁለት ሊትር መሆኑን ያውቃሉ። ውሸት ቢያስፈልጋቸው ሞተሩ እስከ ንጋት ሠራ ይሉ ነበር። በሦስት ሰዓት ተኩል አለቀ ብሎ ሊዋሽ የሚችለው እርማቱን ያልሰማ አንድ ሰው ነው። እርስዎ ናፍጣ ያላለቀበት ሞተር አልቆበት ሲጠፋ ሰሙ፣ አያ ሔሩይ።»

ሔሩይ አሁንም ጀሪካኑን ብቻ ያይ ነበር።

«ሁለት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ነው» አለው አብዱሰመድ እያለቀሰ። «ሊነግርህ ነበር የጠበቀህ።»

ሔሩይ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሓፍተይ፣ እህቴ ብርቄ፣ ምጥ ይዟት ማዶ ዳርቻው ላይ ነው የሞተችው፤ የሚያሻግራት አጥታ። ወንድሜነህን ቁጥሩን ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹መዋሸት አያስፈልግም› አለኝና ሳቀ። አልዋሽም ያለኝ መሰለኝ። በሬሳዋ የሳቀ መሰለኝ። ገፋሁት፤ ጭንቅላቱ ብረቱን መታ። ሌላ አልነካሁትም።»

«ሞተሩን ለምን እንዲሠራ አልተዉትም?» አለች ለተመድህን።

«አስነሳሁት። ቤቱ በጭስ ሲሞላ ናፍጣው አሳዘነኝ። እዚህ ከተማ ናፍጣ ጠፍቶ ስንፈልግ ያየነውን መከራ እናንተም ታውቃላችሁ። አንድ ሊትር አንዲት እናት ያሻግራል። አጥፍቼ ወደ ታንከሩ ገለበጥኩት።»

አክሱማዊት «እሱ እኮ ደስ ብሎት ነበር የሳቀው» አለችና ፊቷን አዞረች።

ሔሩይ ካቴናው ሲገባለት እጁን አልሰሰተም። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጀልባው ይሄዳል?»

«ከሦስት በታች ነው። ይሄዳል» አለችው ለተመድህን።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ፣ እስካሁን የሚያጓራውን ሞተር አየ።

«አብዱ» አለ፣ «አጥፋው እንጂ። ናፍጣው ያልቃል።»